የሽማግሌው መኪና

ጎንፋ መቱ ገበያ ዳር፣ በክሪክ ከተነሣችው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሥር ተንጋሎ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ያለቁ ዘንጎች አውጥቶ በወፍራም አዳዲሶች ተካ። የመኪናዋ ባለቤት ፉፋ፣ ጎንፋ ሊያገባት የሚፈልጋትን ዲሪቤን ሊለምንለት ያዮ ድረስ ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት ጓደኛው ነው። “በመኪና የመጣን ሽማግሌ ባላባቱ አባቷ አይመልሱም” ብሎ የላከው ራሱ ጎንፋ ነበር። ፉፋም ሲመለስ “እናስብበት ብለዋል” አለው።

አሁን ፉፋ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። “አባቷ ልጅቷን ለእኔ ሰጡኝ” አለ።

ጎንፋ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ነበር። እጁ ቆመ። “አንተስ ምን አልካቸው?”

ፉፋ አጎንብሶ አዲሶቹን ዘንጎች አየ። “እኔንና እሷን ከነሻንጣዋ ይችላሉ?”

ጎንፋ ፊቱን ወደ ብረቱ መለሰና ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀው።

“ይችላሉ” አለ።