ፊርማ ሰብሳቢዎቹ

«ዛሬ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ» ብሏት ነበር ባሏ እንድሪስ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ። በሩ ሲንኳኳ ትንፋሿን ውጣ ቆየች። ማንኳኳቱ ሲበረታ ግን ከፈተች።

የላይኛው ፎቅ ጀርመናዊት ከነባሏ ቆማለች። ወረቀት ዘረጋችላት።

«ሰፈራችን ውስጥ መስጊድ እንዳይሠራ የሚጠይቅ ነው። ከሕንጻው ሰው ያልፈረሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አልፈርምም ብትል ነገ በዚህ ደረጃ እንዴት ትወጣለች? ብትፈርምስ፣ ለመስጊዱ ፈቃድ ሦስት ዓመት ማዘጋጃ ቤት ደጅ የጠናውን እንድሪስን በምን ዓይኗ ታየዋለች?

«ባለቤቴን ላማክር» አለች፣ ሻሿን ሳብ እያደረገች።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሦስተኛውን መስመር በጣቷ አሳየቻት። በዚያ ሁሉ የፈረንጅ ፊደል መሀል፣ አንድ ስም ብቻ በአማርኛ ተጽፏል፦ እንድሪስ።