ጉና ሥር የቆመው የኦክስጅን ማሽን

«ማሽኑ ቆመ!»

አዋላጇ ሲስተር እቴነሽ ከጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ብቅ ብላ ጮኸች።

ፈንታሁን ከአግዳሚው ተስፈንጥሮ ወደ ክፍሉ ዘው አለ።

ሚስቱ ዝናሽ ለመውለድ ጉና ተራራ ሥር ወዳለው የእናቷ ቤት መጥታ ነበር… ምጡ ግን ከቀኑ አንድ ወር ቀድሞ መጣ። እሱም ተደውሎለት ከደብረ ታቦር በሞተር ሲበር ነው የደረሰው።

ልጅቷ ከተወለደች ገና ሁለት ሰዓቷ ነው። ደረቷ ወደ ውስጥ ስርጉድ… ስርጉድ ይላል።

ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…» እያለ ይጮሃል። ከቱቦው ግን ምንም አይወጣም።

«ሌላ የለም?»

«ይቺ ትንሽ ሲሊንደር ብቻ ናት… ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ብታቆየን ነው» አለች ሲስተር፣ የሕፃኗን ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ እያዛወረች።

«አምቡላንሱስ?»

«ተነስቷል። በዚህ ጭቃ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።»

ዝናሽ አልጋው ላይ እንደተኛች ባሏን አየችው።

«አንተ… ጠጋኝ አይደለህም እንዴ?»

ነው። ደብረ ታቦር ላይ የሱን የጥገና ሱቅ የማያውቅ የለም። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲኮደር… እሱ ጋ ሄዶ ሳይሠራ የሚመለስ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ግን በሕይወቱ ከፍቶ አያውቅም።

ደግሞ ፈንታሁን ሲሠራ ጀርባውን ለደንበኛ አዙሮ ነው። «ሰው ካየ ነገ ራሱ ይሠራዋል» ይላል።

ሦስት ዓመት አብራው የሠራች ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። ከአረብ አገር ተመልሳ ሙያውን እሱ ጋ ነው የለመደችው። ግን ልቧን ኦፕን ሶርስ የሚሉት ነገር ወስዶታል… አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ የሚያሻሽለው ሶፍትዌር ማለት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ሲመጣ ሊኑክስ የሚባለውን እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ትጭንበታለች። አጫጫኑን ደግሞ ደንበኛውን ቁጭ አድርጋ ታስተምራለች!

«ጋሼ፣ ከፍተን ማየት የማንችለው ዕቃ ተውሰነው ነው እንጂ የኛ አይደለም» ትለዋለች።

«የኮምፒውተር ነገር ብቻ እኮ አይደለም። አያቴ ሞፈር ሲጠርብ ቆሞ የሚያየውን ጎረቤት አባሮ አያውቅም። እኛ ምን ሆነን ነው የምንደብቀው?» ትላለች ደግሞ።

አንድ ቀን የሱቁን የጥገና ዘዴ በአማርኛ እየጻፈች ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደምትለቅ ደረሰበት።

«እንጀራዬን ነው የምትበትኚው!» ብሎ ሰው ፊት አባረራት።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው።

አሁን ግን… የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት እየወረደ ነው።

«ሲስተር፣ ይሄ ነገር መመሪያ የለውም?»

«አብሮት የመጣው በማናውቀው ቋንቋ ነው። ቆይ… ስልኬ ላይ ስለዚህ ማሽን ጥገና የሥራ ጓደኛዬ የላከችልኝ አንድ ጽሑፍ አለ!»

ፈንታሁን ከጥበቃው ካቻቢቴ ተቀበለ። ሲስተር ታነባለች… እሱ ይሠራል።

«‹መጀመሪያ ከመብራት ንቀሉት። ሳትነቅሉ እንዳትነኩት።›»

ነቀለው።

«‹ከኋላ ያለውን ስፖንጅ አውጡና አቧራውን አራግፉ።›»

አራገፈው። መልሶ አስነሳው… ጢጥ… ጢጥ…

«‹ካልተስተካከለ እንደገና ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱት። ከሞተሩ የሚነሳውን ቱቦ እስከ መጨረሻው በእጃችሁ ተከተሉት። የሚላቀቀው መታጠፊያው ላይ ነው።›»

ነቅሎ ከፈተው። በዚያ ብርድ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«አገኘሁት! ወልቋል!»

ቱቦውን መልሶ ሰካው። በቀጭን ሽቦ ጠፍሮ አሰረውና ክዳኑን ገጥሞ ማሽኑን አስነሳ።

ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…

«አልሠራም…»

ቀስቱ ቀዩ ላይ ደርሷል። ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«እንዳታጠፋው!» ሲስተር ጮኸች። «እዚህ ጋ ሌላ አንባቢ የጨመረበት አለ… ‹እኔ እዚህ ላይ ሞቷል ብዬ አጥፍቼው ነበር። ተሳስቻለሁ። አየሩን እስኪያጣራ አምስት ደቂቃ ጠብቁት› ይላል።»

አምስት ደቂቃ!

ዝናሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አንድ… ሁለት… ሦስት…

አራተኛው ላይ ጩኸቱ ጸጥ አለ። አረንጓዴ መብራት በራ።

ሲስተር የሕፃኗን ቱቦ ፈጥና ወደ ማሽኑ አዛወረች። የጠቆረው ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀላ…

ፈንታሁን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ሲስተር ስልክ ዞረ።

«ማነው… ይህን የጻፈው ማነው?»

ሲስተር ወደ ታች ወርዳ አነበበች።

«ማስተዋል ምስጋና፣ ከደብረ ታቦር። ማንም ይቅዳው፣ ማንም ያርመው፣ ለማንም ይስጠው ትላለች። ከሥሩም አለ… ‹መፍቻ አያያዝ ያስተማረኝ ጋሽ ፈንታሁን ይሻው ነው። እግዜር ይስጥልኝ።›»

ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ይሄ ሰውዬ ምን ያለ ደግ ቢሆን ነው?»

ዝናሽ ባሏን አየችው። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

አምቡላንሱ ደርሶ ልጅቷ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ታክማ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ፈንታሁን የማስተዋልን በር አንኳኳ። በተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ ከየጤና ጣቢያው በመጡ የተበላሹ ዕቃዎች ተከባ አገኛት።

«ማስተዋል… በድዬሻለሁ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ግባ እንጂ!»

ሁሉንም ነገራት። ቀጥሎ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ የነተበ ደብተር አወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጥገና ዘዴውን የመዘገበበት፣ ለሚስቱ እንኳ አሳይቶት የማያውቅ ደብተር።

«እንቺ። አውጪው። ሰው ያንብበው።»

ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና መለሰችለት።

«እኔ አላወጣውም።»

ፈንታሁን ደብተሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«አንተ ነህ የምታወጣው… በስምህ። ና፣ ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጫን አሳይሃለሁ።»

ወንበር ሳበችለት። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ባለሙያ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀመጠ።

ወገኖቼ… ደብቀን የያዝነው ሙያ እኛ በደረስንበት ብቻ ይቀራል። ያካፈልነው ግን እኛ በሌለንበት ሠርቶ፣ አንድ ቀን ለገዛ ልጃችን ሊደርስ ይችላል።

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ… ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት በፈንታሁን ቦታ ብትሆኑ፣ ማስተዋልን ታባርሯት ነበር ወይስ አብራችሁ ትጽፉ ነበር? 👇