በመቀነቴ የቋጠርኩት ፓስፖርት

የልጅ ልጄ ትርሲት የዓይን ሐኪም ናት። ማላዊ ሄዳ ሁለት ወር ሙሉ በነጻ የሰው ዓይን ሞራ ስትገፍፍ ቆይታ ትናንት ተመለሰች። ከስታለች። ገና ሳትቀመጥ፣ «እማማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ ሻንጣው ኪስ ውስጥ ነው፣ እንዳይጠፋብኝ። ዓይንሽንስ አሁን ልይልሽ?» አለችኝ።

«የኔ ዓይን ምን ሆነና! መርፌ ላይ ክር እሰካበታለሁ።»

ልትታጠብ ስትገባ ኪሱን ዳበስኩና መንትፌ በመቀነቴ ቋጠርኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ወባው፣ አውሮፕላኑ፣ ባዕድ አገሩ፣ ስንቱን ልፍራላት?

ዛሬ ጠዋት፣ «ፓስፖርቴን አይተሻል?» አለች።

«እኔ ምን ሊያደርግልኝ? ማላዊ ረስተሽው ይሆናል።»

«እስቲ መቀነትሽን ፍቺው።»

አፍሬ ፈታሁት። እሷ እየሳቀች ፓስፖርቷን ከጃኬቷ ኪስ አወጣች። እኔ ቋጥሬው ያደርኩት የራሴን የእድር ደብተር ነው።

«እንደምትደብቂው አውቄ፣ ልታጠብ ስገባ ሻንጣው ኪስ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ምርመራሽ እሱ ነበር። ማክሰኞ ሞራሽን እገፍፍልሻለሁ። ዓይኖችሽ እስኪድኑ የትም አልሄድም።»

ትንሽ አሰብኩና፣ «ሁለቱንም ባንዴ እንዳትነኪ» አልኳት። «አንዱ በደንብ ይዳን። በኔ ዕድሜ ደግሞ ቁስል ቶሎ አይሽርም።»