ከቆርቆሮው ሥር

ወይዘሮ ሜርል ጣሪያቸው ስለሚቀየር የግድግዳውን ሥዕሎች አውርደው አልጋውን በሸራ ሸፈኑ።

«እማማ፣ ቆርቆሮ ስለምንጥል እንዳይወጡ! ጭንቅላትዎን እንደ ጣሪያው አንቀይርልዎትም» አላቸው ሠራተኛው ኬቭ ከላይ ሆኖ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «ከሥሩ ሌላ ጣሪያ አለ!» አለ። በባላራት ከተማ አሮጌ ቤቶች ጣሪያ በጣሪያ ላይ መደረብ የተለመደ ነውና፣ «አንሱት» አሉ ወይዘሮ ሜርል። ከዚያም ሥር ሌላ ተገኘ፤ ከሱም ሥር ሌላ። ጣሪያ በተነሣ ቁጥር የኬቭ ድምፅ እየራቀ፣ የተጣለው ቆርቆሮም እየተከመረ ሄዶ በሩንና መስኮቶቹን ደፈነ።

ወይዘሮ ሜርል ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። «ኬቭ! አስወጣኝ!»

መዶሻው ቆመ።

«ከታች ሰው ያንኳኳል» አለ አንዱ ሠራተኛ፣ ከሩቅ።

«ተው ባክህ» አለ ኬቭ። «ቤቱ ባዶ ነው። እማማን ጠዋት ራሴ አይደለሁ እንዴ የሸኘኋቸው?»