ባለቤት የሌለው ወጥመድ

ተማሪዎቹ ወደ ባሕር ያወረዱት ካሜራ ሎብስተር የተባለው ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ የሞላበት ወጥመድ ሲያሳይ ወደቡ ላይ የቆመው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሎብስተር ማጥመድ የተከለከለበት ወር ነበር፤ ባለቤቱ የሚታወቅበት ባለቀለም ተንሳፋፊ ምልክትም ወጥመዱ ላይ አልታሰረም።

«የማን ነው?» አለች መምህርቷ።

«የሌባ ነዋ!» አሉ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ፊደንሲዮ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። «ብቻ ላግኘው! ራሴ ጎትቼ ነው ለፖሊስ የማስረክበው!»

ከተማሪዎቹ አንዷ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ኢትሳያና ስክሪኑን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «ዘጠኝ» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ዶን ፊደንሲዮ ባርኔጣቸውን ጨምድደው ያዙ። ዝም ሊሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ምን ዘጠኝ! አሥራ አራት ናቸው! ከኋላ ጥግ የተኙትን አምስቱን የት ጣልሻቸው?»

ካሜራው የወጥመዱን ኋላ አያሳይም ነበር።

«አመሰግናለሁ አባባ» አለች ኢትሳያና፣ ዘጠኙን ሰርዛ አሥራ አራት እየጻፈች።