ድምፅ የሌለው ለቅሶ

ውባንቺ የባሏን የጓዴን ንጹሕ ሸሚዝ እንደገና አጥባ ደጅ አሰጣችው። በየቤቱ ያለውን ሰው የሚመዘግቡት ቆጣሪዎች ሲያልፉ የልብስ ገመዱን ያያሉ። ጓዴ ከሞተ ሳምንቱ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ውሃ የሚቀዱ መስለው፣ ጀሪካን አንጠልጥለው ሄደው ቀበሩት።

ዱሮ ስደተኛ ባሕር ይበላው ነበር። አሁን ወደ ውጭ አገር የሚወስደው ሕጋዊ መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው። ተራው ግን የሚያዘው በቤተሰብ ነው። አንድ ሰው የጎደለበት ቤት ከመጨረሻው ይሰለፋል። እነ ውባንቺ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል።

«ስንት ናችሁ?» አለ ግድግዳው ላይ የተሰካው ሰሚ መሣሪያ፣ እንደ ዘወትሩ።

«አራት፣ ተመስገን» አለች ውባንቺ፣ ጓዴን ጨምራ።

ጎረቤቷ እትዬ ጠጄ ዳቦ ይዘው ገቡ። በሩን ዘጉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ቁጭ አሉ።

«ጓዴ እንዴት አደረ?» አሉ ጮክ ብለው፣ መሣሪያው እንዲሰማ።

«ደኅና ነው፤ ተኝቷል።» ልቅሶዋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። መሣሪያው ወሬ እንዳያጣ ብላ ስለ እትዬ ጠጄ ባል ጠየቀች፤ «ጋሽ መኩሪያስ? እግራቸውን ተሻላቸው? ከታዩ ቆዩ እኮ።»

እትዬ ጠጄ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩ።

«ደኅና ናቸው» አሉ። «እሳቸውም ተኝተዋል።»

ውባንቺ የእትዬ ጠጄ የልብስ ገመድ ትዝ አላት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ፣ በየማለዳው፣ ያው አንድ የጋሽ መኩሪያ ሰማያዊ ሸሚዝ።