መስክ መሐል የተነጠፈ ሰሌን

አፈሩ ራቁቱን የታየበት ገበሬ መሬቱን ይነጠቃል የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አካፋ የሚያነሣ ገበሬ ጠፍቷል። ትርሲት አውሮፓ ተምራ ወደ አባቷ እርሻ ስትመለስ፣ ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ መስክ መሐል ሰሌን አንጥፈው ምሳ ይበላሉ።

«አባዬ፣ ጥላው እያለ?»

«እዚህ ይነፍሳል።»

ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። መሬቱን የምትቆጣጠረው የመንግሥት ድሮን በላያቸው ስታልፍ አባቷ ሰሌኑን በእጃቸው ጫን አደረጉት። ትርሲት ጠረጠረች።

«ምን ቀበሩ?»

አባቷም በተራቸው በጥርጣሬ አዩዋት።

«ተምረሽ የእነሱ ሰው ሆነሽ ከመጣሽ ንገሪያቸው። ዳማን ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጎቼን የጠበቀ ውሻ እንደ ቆሻሻ አይቃጠልም። ሣሩ እስኪበቅል እዚሁ እበላለሁ።»

ድሮኗ ዞራ ተመለሰች። በሰሌኑ ጠርዝ ቀይ አፈር ብቅ ብሏል። ትርሲት ቀሚሷን ዘርግታ እላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ሳህኑን ወዲህ ያድርጉት» አለች።